በሱባ ደን መሮጥ፦ ስለ ዳገቱ፣ ስለ ቁልቁለቱና ስለ ቁርጭምጭሚት

የጠያቂያችን ጥያቄ በአጭሩ የሚከተለው ነው። «ዕድሜዬ 34 ሲሆን የምኖረው አየር ጤና አካባቢ ነው። ላለፉት ሦስት ዓመታት በሳምንት ሦስት ቀን በአስፋልት ላይ እሮጣለሁ፤ በታላቁ ሩጫም ሁለት ጊዜ ተሳትፌ 10 ኪሎ ሜትሩን በ57 ደቂቃ ጨርሻለሁ። በነሐሴ ወር ግን ከጓደኞቼ ጋር ወደ መናገሻ ሱባ ደን ሄጄ 8 ኪሎ ሜትር ለመሮጥ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ፈጀብኝ። ስንወርድ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ታጠፈ፤ ታፋዬንም አሞኝ ለሦስት ቀን ያህል ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ዝናባማ ደን ውስጥ መሮጥ እንደኔ ላለ ሰው አይሆንም ማለት ነው? ወይስ ጫማ ብቀይር ይበቃኛል? ደኑን ስለወደድኩት መተው አልፈልግም።»

አጭሩን መልስ ላስቀድም። ደኑን አይተዉት፤ ጫማም ለጊዜው አይግዙ። ካነሷቸው ሦስት ነገሮች ውስጥ የመጀመሪያው፣ ማለትም የሰዓቱ መርዘም፣ ከነጭራሹ ችግር አይደለም። የታፋው ሕመምና የቁርጭምጭሚቱ መታጠፍ ግን ከአንድ ምንጭ የመጡ ናቸው፤ ይኸውም በአስፋልት የለመዱትን አረማመድ ሳይለውጡ ቁልቁለቱን መውረድዎ ነው። አብዛኛው ሰው ወደ ደን ሲሄድ የሚፈራው ዳገቱን ነው፤ የሚዘጋጀውም ለዳገቱ ነው። እኔ ለጤናቸው የሚሮጡ ሰዎችን ሳሠለጥንና ጉዳት የደረሰባቸውን ወደ ሩጫ ለመመለስ ስረዳ ባሳለፍኳቸው ዓመታት ያየሁት ሌላ ነው። ዳገት ትንፋሽ ያሳጥራል፣ ያስቆማል፣ ያስቀምጣል፤ ሰው አንክሶ ወደ ቤቱ የሚመለሰው ግን ከቁልቁለት ነው። ስለዚህ የዚህን ምላሽ ትልቁን ክፍል ለመውረድ እሰጠዋለሁ።

ከዚያ በፊት ስለ ቦታው አንድ ነገር ላስተካክል። ሱባን «ዝናባማ ደን» ብለውታል፤ በነሐሴ ለገባበት ሰው እንደዚያ ቢመስለው አይፈረድበትም። ጉሙ በዛፎቹ መካከል ተኝቶ ይውላል፣ ከጥዱ ቅርንጫፍ እንደ ሽማግሌ ጢም የተንዠረገገው ግራጫ የዛፍ ሽበት ዝናቡ ካባራ በኋላም ውሃ ያንጠባጥባል፣ የወደቀ ግንድ ሁሉ አረንጓዴ ለብሷል። የዕፅዋት ባለሙያዎች ግን ዝናባማ ደን የሚሉት በካፋ፣ በሸካና በሐረና እንዳለው ያለውን፣ እርጥበት ከዓመት እስከ ዓመት ብዙም የማይለየውን ደን ነው። ሱባ የሚመደበው ከደረቁ የደጋ ደን ወገን ነው፤ ዋነኞቹ ዛፎቹም ጥድ፣ ወይራና ዝግባ፣ ከፍ ሲሉ ኮሶ፣ ከዚያም በላይ አስታ ናቸው። ይህ ለሯጭ የስም ጉዳይ ብቻ አይደለም። የሱባ መሬት በዓመት ውስጥ ሁለት የተለያዩ መሬቶች ነው ማለት ይቻላል። አዲስ አበባና አካባቢዋ በዓመት ከሚያገኙት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ውስጥ ግማሽ የሚጠጋው በሐምሌና በነሐሴ ይወርዳል። በእነዚህ ወራት በደኑ ግርጌ ያለው ጥቁር ዋልካ ጫማ ይይዛል፣ ከፍ ሲሉ የሚያገኙት ቀይ አፈር ደግሞ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። ያው መንገድ በጥቅምት መጨረሻ ደርቆ፣ ረግቶ፣ በቅጠል ተሸፍኖ ለእግር እጅግ የሚመች ይሆናል። እርስዎ ከዓመቱ አስቸጋሪ በሆነው ወር ገብተው፣ ደኑ ሁልጊዜ እንደዚያ ነው ብለው ሊፈርዱ ተቃርበዋል።

አሁን ወደ ሰዓቱ እንምጣ። በአስፋልት አንድ ኪሎ ሜትር የሚፈጅብዎት 5 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ገደማ ነው፤ በሱባ ግን 10 ደቂቃ ፈጀ። ይህ ድክመት ይመስላል፤ ስሌቱ ግን ሌላ ይላል። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር ሽቅብ በሚወስድ ዳገት ላይ ለመሮጥ በሜዳ ላይ ከሚያስፈልገው ኃይል በሁለት ሦስተኛ ያህል የበለጠ ያስፈልጋል። ስለዚህ በሜዳ ላይ በሚያወጡት ጉልበት ይህን ዳገት ቢወጡ አንድ ኪሎ ሜትሩ ከ9 ደቂቃ በላይ መፍጀቱ የማይቀር ነው። ይህ እንግዲህ መሬቱ ደረቅና ለስላሳ ቢሆን ነው፤ በጭቃ ላይ እያንዳንዱ እርምጃ ከሚሰጠው ግፊት ጥቂቱን መሬቱ ይውጠዋል። በዚያ ላይ ከፍታው አለ። ደኑ የሚወጣው እስከ ወጨጫ ተራራ ጫፍ ድረስ ነው፤ የጫፉ ከፍታ 3,385 ሜትር ስለሆነ በከተማዎ ከለመዱት ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ይበልጣል። ሰውነት ኦክስጅንን የመጠቀም ከፍተኛ አቅሙ በየአንድ ሺህ ሜትሩ ከ6 እስከ 10 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ አዲስ አበባ ተወልዶ ማደግም ከዚህ ሙሉ በሙሉ አያድንም። ጫፍ ድረስ ባይወጡ እንኳ በየመቶ ሜትሩ ጥቂት ጥቂት ይቆነጠርብዎታል። ይህ ሁሉ ሲደማመር በኪሎ ሜትር 10 ደቂቃ ከእርስዎ የሚጠበቅ ፍጥነት ነው።

ስለዚህ በደን ውስጥ የኪሎ ሜትር ፍጥነትን ከሰዓትዎ ገጽ ላይ ያጥፉት ብዬ እመክራለሁ። ሩጫዎን በደቂቃ ይቁጠሩት፤ «ዛሬ 8 ኪሎ ሜትር» ሳይሆን «ዛሬ 70 ደቂቃ» ይበሉ። የጥረትዎን ልክ ደግሞ በንግግር ይፈትኑት፤ ከአጠገብዎ ላለው ሰው አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር ሳያቋርጡ መናገር ከቻሉ በትክክለኛው ልክ ላይ ነዎት፤ ቃላቱ ከተቆራረጡ ቀስ ይበሉ፤ ቀስ ብለውም ከተቆራረጡ ይራመዱ። ዳገት ላይ መራመድ እንደ ሽንፈት መቆጠሩን ብዙ ጊዜ እሰማለሁና እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ መናገር እፈልጋለሁ። ዳገቱ በጣም ቀጥ ያለ ሲሆን በተመሳሳይ ፍጥነት ሽቅብ ለመውጣት መራመድ ከመሮጥ ያነሰ ኃይል ይጠይቃል፤ በተራራ ሩጫ የታወቁ ተወዳዳሪዎችም በእንዲህ ያለ ቦታ እጃቸውን ታፋቸው ላይ አስደግፈው ይራመዳሉ። በዳገቱ የቆጠቡት ጉልበት ሲወርዱ ያስፈልግዎታል፤ የደከመ ታፋ ሰውነትን መያዝ አይችልምና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። ለሦስት ቀን ደረጃ መውረድ ያቃተዎት በተለምዶ እንደሚባለው ላክቲክ አሲድ በጡንቻዎ ውስጥ ስለተከማቸ አይደለም፤ እሱ ሩጫው ባበቃ በአንድ ሰዓት ገደማ ውስጥ ከደም ይጠፋል። ዳገት ሲወጡ የታፋ ጡንቻ እያጠረ ይሠራል። ሲወርዱ ግን ያው ጡንቻ የሰውነትዎን ክብደት እንደ ፍሬን እየያዘ፣ በመሸከም ላይ እያለ ይለጠጣል። ይህ ዓይነቱ ሥራ ትንፋሽ ስለማያሳጥር ቀላል ይመስላል፤ በጡንቻው ክሮች ላይ ግን ጥቃቅን ጉዳት ያደርሳል፤ ሕመሙም የሚበረታው በዚያው ቀን ሳይሆን ከአንድ እስከ ሦስት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ደስ የሚያሰኘው ነገር፣ ጡንቻ አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ሥራ ካየ በኋላ ለሚቀጥሉት ሳምንታት ራሱን ያጠነክራል፤ ያንኑ ቁልቁለት ከሦስት ሳምንት በኋላ ቢወርዱት የሚሰማዎት ሕመም ከመጀመሪያው በእጅጉ ያነሰ ይሆናል። ስለዚህ ያ ሕመም ለሚቀጥለው ሩጫ ጠቅሞዎታል። ነገር ግን ከእንዲህ ያለ ሩጫ በኋላ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ፣ ወይም ጡንቻው ከመጠን ያለፈ አብጦ ቢደነድን፣ ይህ ተራ ሕመም ስላልሆነ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ያስፈልጋል።

እንዴት ነው ታዲያ የሚወረደው? በአስፋልት የለመደ ሰው ቁልቁለት ሲገጥመው ሁለት ነገር ያደርጋል፤ እርምጃውን ያስረዝማል፣ ከወገቡ በላይ ደግሞ ወደ ኋላ ይለጠጣል። ሁለቱም ከፍርሃት የሚመጡ ናቸው። እግር ከሰውነት ቀድሞ በተረከዝ ሲያርፍ ጉልበት ተዘርግቶ ይደርቃል፤ ምቱ በቀጥታ ወደ ጉልበትና ወደ ዳሌ ይወጣል፤ ተረከዝ ደግሞ በጭቃ ላይ ከሁሉ አስቀድሞ የሚንሸራተት የእግር ክፍል ነው። ማድረግ ያለብዎት የዚህን ተቃራኒ ነው። እርምጃዎን ያሳጥሩ፤ በሜዳ ከሚረግጡት ቁጥር በላይ፣ ቶሎ ቶሎ፣ ቀለል አድርገው ይርገጡ። ጉልበትዎ ምንጊዜም ትንሽ የታጠፈ ይሁን፤ እግርዎ ከፊትዎ ርቆ ሳይሆን ከሰውነትዎ በታች፣ በመሐል እግር ላይ ይረፍ። ክንድዎን ከጎንዎ አያጣብቁት፤ ሚዛን እንዲጠብቅልዎ ፈታ ይበል። ዓይንዎ ጫማዎ ላይ አይተከል፤ ከሦስት እስከ አራት ሜትር ወደፊት ያለውን መሬት ያንብብ፤ እግርዎ አሁን የሚረግጠውን ዓይንዎ ከሁለት ሦስት እርምጃ በፊት አይቶት ያለፈው መሆን አለበት።

በጣም የሚያዳልጥ ቁልቁለት ሲሆን ቀጥ ብሎ አለመውረድ ትልቅ ዘዴ ነው። በእንጦጦ፣ በየካና በኮተቤ ጫካ ማለዳ የወጣ ሰው አትሌቶቻችን አንድ ከኋላ አንድ ተከታትለው በባሕር ዛፎቹ መካከል ዚግዛግ ሲጠማዘዙ ያያል። ለተመልካች ያለ ምክንያት የሚዞሩ ይመስላል። መጠማዘዙ ግን ዳገቱንም ቁልቁለቱንም ያለዝበዋል፤ አንዴ ግራውን አንዴ ቀኙን ጎን ስለሚያሠራ ጫናው በአንድ ጅማት ላይ አይከማችም፤ ሁለት እርምጃ ተመሳሳይ ስለማይሆንም እግር መሬትን እያየ እንዲያርፍ ያስተምራል። ፊተኛው መንገድ ይመርጣል፣ ጉድጓድ ወይም ድንጋይ ሲያይ በእጁ ወደ መሬት ይጠቁማል፤ ተከታዩም ለተከታዩ ያስተላልፋል። ይህን ከእነሱ ልንወስድ ይገባል፤ ከጓደኞችዎ ጋር ሲሮጡ ጎን ለጎን ሆኖ ማውራቱን ለሜዳው ይተዉትና በቁልቁለት ላይ በመካከላችሁ አራት አምስት ሜትር ክፍተት ትታችሁ በሰልፍ ውረዱ። ከፊት ያለው ሰው ጀርባ መሬቱን ከጋረደብዎት በጣም ቀርበዋል ማለት ነው።

ስለ ዛፍ ሥር ለብቻው መናገር አለብኝ፤ ይህን የተማርኩት በራሴ እግር ነው። ከዓመታት በፊት በመስከረም መጀመሪያ ላይ፣ ከላይ ከአስታው ወርጄ ትልልቆቹ ጥዶች ወዳሉበት ስደርስ፣ መንገዱን አቋርጦ የተጋደመ፣ ክንድ የሚያህል ሥር ነበር። ልጡ በከብትና በሰው እግር ተልጦ አልቆ እንጨቱ እንደ አጥንት ነጥቷል፤ በላዩ ላይ በዓይን የማይያዝ ስስ አረንጓዴ ነገር አለ። ከጭቃው ይልቅ እሱ ጠንካራ መስሎኝ ቀኝ እግሬን አሳረፍኩበት። ሥሩ መንገዱን ያቋረጠው ቀጥ ብሎ ሳይሆን ሰያፍ ሆኖ ስለነበር እግሬ አንድ አፍታ እንኳ ሳይቆም በሥሩ ርዝመት ወደ ቁልቁለቱ ሄደ፤ ከሥሩ ጫፍ ሲወርድ ውስጠ እግሬ ወደ ውስጥ ዞረ፤ ክብደቴም በሙሉ በቁርጭምጭሚቴ ውጫዊ ጎን ላይ ወደቀ። ስድስት ሳምንት አልሮጥኩም። እርጥብ ሥር ሲያዩ ከእሱ በፊት ወይም ከእሱ በኋላ ይርገጡ እንጂ በላዩ ላይ አይርገጡ፤ መርገጥ ግድ ከሆነ ደግሞ ሰያፍ የሆነውን ይለፉና ከእግርዎ ጋር መስቀለኛ የሆነውን፣ በመሐል እግር፣ ሳይገፉ ይንኩት። እርጥብ ድንጋይም ያው ነው፤ ከሁለቱ ግን ልጡ የተላጠ ሥር ይከፋል።

ወደ እርስዎ ቁርጭምጭሚት ልመለስ። እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ በውጫዊው ጎን ያለው፣ አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት ነው፤ በተለምዶ ወለምታ የምንለው ይህንን ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው አጥንት አለመሰበሩ ነው። በታጠፈበት ጊዜ ወይም በኋላ አራት እርምጃ መራመድ አቅቶዎት ከነበረ፣ ወይም ከሁለቱ የቁርጭምጭሚት አጥንቶች በአንዱ የኋላ ጠርዝ ወይም ጫፍ ላይ በጣት ሲጫኑት ሹል ሕመም ካለ፣ ራጅ መነሣት ያስፈልጋል፤ ሳምንታት ቢያልፉም። ሁለቱም ከሌሉ ስብራት የመኖሩ ነገር እጅግ የጠበበ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ማሳረፍ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ በረዶ መያዝ፣ ማሰርና ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ እብጠቱን ለማስታገስ ይረዳል። ወጌሻ ዘንድ መሄድ በአገራችን የቆየ ልማድ ነው፤ ብዙ ልምድ ያላቸው ወጌሾችም አሉ፤ ሆኖም ገና ያበጠና የሞቀ ቁርጭምጭሚት በኃይል እንዲታሽ ወይም እንዲጎተት አይፍቀዱ፤ የተበጠሰው የጅማት ክር ገና በመያያዝ ላይ ነውና።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ግን ከዚህ በኋላ ነው። ሕመሙ ሲጠፋ ዳነ ይባላል። ጅማቱ ውስጥ ሕመም ከሚሰማው ነርቭ ሌላ፣ እግር በምን አኳኋን እንዳለ ለአንጎል የሚናገር ነርቭ አለ፤ ከወለምታ በኋላ የሚደነዝዘው እሱ ነው። አንድ ጊዜ የታጠፈ እግር ደጋግሞ የሚታጠፈውም በአብዛኛው በዚህ ምክንያት ነው። መታጠፉ ከዓይን ጥቅሻ በፈጠነ ጊዜ የሚፈጸም ስለሆነ፣ ከታጠፈ በኋላ ነቅቶ ለመያዝ መሞከር ዋጋ የለውም፤ በባት ውጫዊ ጎን ያሉት ጡንቻዎች እግር መሬት ከመንካቱ በፊት ተዘጋጅተው መጠበቅ አለባቸው፤ ይህ ደግሞ በልምምድ ይገኛል። ሚዛንን የሚያሠለጥኑ ልምምዶች ድጋሚ ወለምታን እንደሚቀንሱ በሚገባ የተረጋገጠ ነው፤ እቃም አይጠይቁም። ጠዋትና ማታ ጥርስዎን ሲቦርሹ በአንድ እግር ይቁሙ፤ ጉልበትዎን ትንሽ አጥፈው፣ በባዶ እግር። ይህ ሲቀልልዎ ዓይንዎን ይጨፍኑ፤ ያን ጊዜ ቁርጭምጭሚትዎ እንዴት እንደሚንቀጠቀጥ ይሰማዎታል፤ ያ መንቀጥቀጥ ሥራው ራሱ ነው። ሲለምዱት የታጠፈ ፍራሽ ወይም ትራስ ላይ ቆመው ይድገሙት። በተጨማሪም ደረጃ ጫፍ ላይ በፊት እግርዎ ቆመው፣ በሁለት እግር ተነሥተው በአንድ እግር ተረከዝዎን በቀስታ ዝቅ ያድርጉ፤ በእያንዳንዱ እግር 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ በሳምንት ሦስት ቀን። ቀኙን እግርዎን ከግራው ጋር ያነጻጽሩ፤ ዓይን ጨፍነው በቀኙ የሚቆሙበት ጊዜ ከግራው ጋር እስኪተካከል ድረስ ወደ ሱባ ቁልቁለት አይመለሱ። ከቀን መቁጠሪያ ይልቅ ይህ ልኬት ይሻላል።

ስለ ጫማው ብዙ አልልም። የአስፋልት ጫማ ሶል ልስላሴው ለጭቃ አይመችም፤ በክረምት በሱባ ለሚሮጥ ሰው ከ4 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ጥርስ ያለው ሶል በግልጽ ይጠቅማል። በጥቅምትና በኅዳር ግን አሁን ያለዎት ጫማ ይበቃል። ከሰልባጅ ከገዙ ጥርሱን ብቻ አይዩ፤ የመሐለኛውን ስፖንጅ በአውራ ጣትዎ ይጫኑት፤ ገብቶ የማይመለስ ወይም ደርቆ የማይገባ ከሆነ ላዩ አዲስ ቢመስልም አርጅቷል። ሶሉ በጣም ወፍራምና ከፍ ያለ ጫማ ደግሞ ቁርጭምጭሚቱ ለታጠፈ ሰው አልመክርም፤ እግር ከመሬት በራቀ መጠን ለመታጠፍ ይቀልለዋል። ከጫማው በላይ አስተሳሰሩ ይታሰብበት፤ ቁልቁለት ከመጀመርዎ በፊት ቆመው፣ ተረከዝዎን ወደ ኋላ ገፍተው፣ ማሰሪያውን ከላይኛው ቀዳዳ ጠበቅ አድርገው ይሰሩት። ይህ ካልሆነ እግር በጫማው ውስጥ ወደፊት ይንሸራተታል፤ የአውራ ጣት ጥፍር የሚጠቁረውም በዚህ ነው።

ወደ ሱባ ከመመለስዎ በፊት ጥቂት ሳምንት በእንጦጦ ቢለማመዱ መልካም ነው፤ ለመድረስም ለመመለስም ይቀልላል። የባሕር ዛፍ ጫካ ከጥድ ጫካ የተለየ ጠባይ አለው። ከሥሩ ብዙም ቁጥቋጦ ስለማይበቅል መሬቱ ግልጥ ሆኖ ይታያል፤ ለጀማሪ ዓይን ይህ ይረዳል። ሆኖም ከግንዱ እየተላጠ የሚወድቀው ረጅም ልጥና ደረቁ ቅጠል ሲደራረብ በበጋም ያንሸራትታል፤ ጠንካራው ፍሬውም ከእግር ሥር ይንከባለላል። በሳምንት አንድ ቀን ከአስፋልት ሩጫዎ አንዱን በ40 ደቂቃ የጫካ ሶምሶማ ይተኩ፤ ሌላውን አይንኩት። በእያንዳንዱ ጊዜ ሩጫው ሊያልቅ ሲል፣ ገና ሳይደክምዎ፣ መቶ ሜትር የምታህል መካከለኛ ቁልቁለት መርጠው በአጭር እርምጃ ይውረዷት፣ ተራምደው ይውጧት፤ በመጀመሪያው ሳምንት አራት ጊዜ፣ ከዚያ በየሳምንቱ ሁለት እየጨመሩ እስከ አሥር። ታፋዎ የሚጠነክረው በእነዚህ ነው። ከወረዱ በኋላ በማግስቱ ደረጃ ሲወርዱ ትንሽ ቢሰማዎት ልኩ ነው፤ እጀታ መያዝ ካስፈለገዎት በዝቷል።

በመንገድ ላይ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶች ያጋጥሙዎታል። ሸክማቸው ከትከሻቸው በሁለቱም በኩል ወጥቶ መንገዱን ይሞላዋል፤ ጎንበስ ብለው ስለሚሄዱም ከሩቅ አያዩዎትም። ከላይ ሆነው ሲደርሱባቸው ከሩቁ ድምፅ ያሰሙ፣ መሮጥዎን ያቁሙ፣ ከመንገዱ ወጥተው በዳገቱ በኩል ቆመው ያሳልፏቸው። ያን የሚያህል ሸክም ይዞ ቁልቁለት ላይ መቆምና እንደገና መነሣት ምን ያህል እንደሚከብድ ያየ ሰው ግማሽ ደቂቃ መጠበቅ አይከብደውም።

የእረኛና የቤት ውሾችም አሉ። ውሻ ሲመጣ መሮጥ ማሳደድን ይጋብዛል፤ ቆም ብለው ፊትዎን ወደ እሱ አድርገው፣ ቀስ እያሉ ይራመዱ፤ ድንጋይ እንደሚያነሣ ሰው ጎንበስ ማለት ብቻ ብዙውን ጊዜ ይመልሰዋል። ከነከሰ ግን ቁስሉ ትንሽም ቢሆን በሳሙናና በሚወርድ ውሃ 15 ደቂቃ ሙሉ ታጥቦ በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም መሄድ ግድ ነው፤ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚያድን ሕክምና የለውም፤ ክትባቱ ግን አስቀድሞ ከተወሰደ ያድናል። ጅብ ሌሊቱን ስለሚንቀሳቀስና በደን ውስጥ ንጋት ከውጭ ዘግይቶ ስለሚገባ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል በፊት ወደ ዛፎቹ አይግቡ። አልፎ ዘግይቶ መግባትም ጥሩ አይደለም፤ የክረምት ነጎድጓድ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነውና ከረፋዱ 5 ሰዓት በፊት ከከፍታው ወርደው ቢጨርሱ ይመረጣል። ሙቀት በየአንድ ሺህ ሜትሩ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ በዝናብ የራሰ የጥጥ ካናቴራ ለብሶ፣ እግር ታጥፎ፣ ከላይ በነፋስ መቀመጥ ከጉዳቱ ይልቅ ብርዱ አደገኛ የሚሆንበት ጊዜ አለ። ስለዚህ ሰማዩ ጥርት ያለ ቢመስልም ነፋስና ዝናብ የሚከላከል ስስ ጃኬት ወገብዎ ላይ ይሰሩ፤ ብቻዎን አይሂዱ፤ መግቢያው ላይ ሲመዘገቡም በየትኛው መንገድ እንደሚወጡ ለጥበቃዎቹ ይንገሩ።

መቼ ልመለስ ለሚለው፣ አንድ እግር ላይ የመቆም ፈተናውን ካለፉና የእንጦጦውን ልምምድ ለአምስት ወይም ለስድስት ሳምንታት ከሠሩ፣ በጥቅምት መጨረሻ ወይም በኅዳር መጀመሪያ፣ መሬቱ ሲረግጡት የማይሰምጥ ሲሆን ይሂዱ። የነሐሴውን መንገድ ይዘው በእርጋታ ይውጡ። ሲመለሱ ቁርጭምጭሚትዎ የታጠፈበት ቦታ ላይ ይቁሙ፤ ምን እንዳጠፈው በደረቁ መሬት ላይ ይፈልጉት፤ ሥር ይሁን፣ የከብት ኮቴ የቀደደው ጉድጓድ ይሁን፣ ሳይታይ አይቀርም። ከዚያ ሃምሳ ሜትር ያህል ወደ ላይ ተመልሰው ያችን ቁራጭ በአጭር እርምጃ፣ ቀስ ብለው ይውረዷት። እኔ ያን ነጭ ሥር ዛሬም ስደርስበት እርምጃዬን አሳጥሬ በላዩ እሻገራለሁ እንጂ አልረግጠውም።